በበረኪና የታጠበው ጋሻ

ዴልፊያ ክራብትሪ ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወቂያ እንድታነብ ሲጠይቋት ጉሮሮዬን ይዞኛል ትላለች። ሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ አለቃዋ ቆም ብሎ ሲያመሰግናት አንገቷን ደፍታ የያዘችውን ኮሌታ ታገላብጣለች። ሥራዋ ኮሌታ መስፋት ነው፤ እሷ የሰፋችው ኮሌታ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ሆነው ደረት ላይ እንደሚተኙ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። ሌላው የታወቀችበት ነገር የእጥበቷ ንጣት ነው። በቢች ክሪክ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር የዴልፊያን አንሶላ የሚስተካከል አንሶላ ማስጫ ላይ ተሰቅሎ አይታይም። ጎረቤቶቿ ምን እንደምትጨምርበት ሲጠይቋት ፈገግ ብላ ፀሐይ ነው ትላለች፤ ከፀሐዩ በፊት ግን በረኪና አለ።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንድ የጥቅምት ማታ፣ ባሏ ሆባርት አደንጓሬውን በበቆሎ ዳቦ እየጠረገ ሳለ፣ "የመጪው ነሐሴ መኪናዋን እኔ ነኝ የምነዳት" ያለችው።

ሆባርት ሹካውን አስቀመጠ። "የትኛዋን?"

"ሰማያዊዋን።"

ሰማያዊዋ ማለት የእሽቅድምድም መኪናው ናት። ሆባርት ሳምንቱን ሙሉ የገበሬውን ትራክተር ሲጠግን ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሰማያዊዋን በተጎታች ጭኖ ከትንባሆ እርሻዎቹ ማዶ ወዳለው የመወዳደሪያ መንገድ ይወስዳታል። እዚያ ሁለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ መብራቱ ከላይ ወደ ታች እየበራ ይወርዳል፤ አረንጓዴው ሲበራ ሩብ ማይል ቀጥ ብሎ መብረር ነው። አንድ ሰው ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። በዓመት አንድ ቀን፣ በነሐሴ፣ የሚነዱት ሚስቶችና ሴት ልጆች ናቸው፤ የሴቶች ቅዳሜ ይሉታል። ዴልፊያ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተቀመጠችው ተመልካቾች አግዳሚ ላይ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ግን በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰውዬ የቀረች ሴት አለች ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ተነሣ። በግራ እጇ ይዛ አወረደችው። ማንም አላየም። እሷ ግን አየችው፤ ከዚያ ወዲያ አልረሳችውም።

ሆባርት በዚያ ማታ እሺም እንቢም አላለም። ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን የበረዶ ሻይ ይዛለት ወደ ጋራዡ ስትገባ የሰማያዊዋ ወንበር ወደ ፊት ተገፍቶ አየች። ነዳጅ መስጫው ላይ ደግሞ አጭር እግሯ እንዲደርስ ጠፍጣፋ እንጨት በብሎን ታስሮበታል። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሷል፤ ጠርዙ ሳይቀር ክብ ተደርጓል። የሆባርት እሺታ እንዲህ ነው የሚመጣው።

"አንድ ነገር ግን አለ" አላት፣ ብርጭቆውን እየተቀበለ። "ካምቢዮዋ ሳይከለል አትገቢባትም።"

"አንተ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳይከለል አይደል እንዴ የነዳሃት?"

"እሱ የኔ እግር ነው።"

"የኔስ?"

ሆባርት ሻዩን ጠጣ። ጆሮው ግን ቀላ፤ ዴልፊያም ያን አይታ ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካምቢዮ፣ ማርሹ የሚቀየርበት ሳጥን፣ የሚቀመጠው ከመኪናው ወለል ሥር፣ ከነጂው እግር አጠገብ ነው። ሞተሩ ሲጮህና ሁሉ ነገር በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ካምቢዮው ውስጥ አንድ ነገር ከተሰበረ፣ ስብርባሪው ወለሉን በስቶ ይመጣል። ስለዚህ ፈጣን መኪኖች ካምቢዮአቸውን በጋሻ ይሸፍናሉ። ሰማያዊዋ እንደዚያ ፈጣን ስላልሆነች የመወዳደሪያው ደንብ አያስገድዳትም። ሆኖም ሆባርት ዶይልን ያውቃል። ዶይል የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ከዓመታት በፊት ካምቢዮው ፈንድቶበት የቀኝ እግሩን ሦስት ጣቶች ወስዶበታል። ዶይል ራሱ ይቀልድበታል፤ እኔ ጣቶቼን ቆጥሬ አሥራ ሰባት ላይ ነው የማቆመው ይላል። ያን ቀን ዶይልን ከመኪናው ያወጣው ሆባርት ነበር። ሆባርት በዚህ ነገር ቀልዶ አያውቅም።

በጸደይ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲቆም፣ ጋሻ ሊመርጡ አብረው ሄዱ። በገበያው ሜዳ ላይ ሰዎች ሸራ ዘርግተው ሞተሩን፣ ጎማውን፣ መሪውን፣ የበር እጀታውን ሳይቀር ደርድረውታል። አንድ ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ ሦስት ዓይነት ጋሻ ነበረው። አንዱ ወፍራም ብረት ነው። ሁለተኛው አሉሚኒየም። ሦስተኛው ጨርቅ ነው፤ ካምቢዮው ላይ ተጠቅልሎ በጠፍር የሚታሰር፣ ብርድ ልብስ የሚሉት ዓይነት።

ሆባርት ብረቱን እንደ ሐብሐብ በጣቱ አንኳኳው። ልቡ እዚያው ላይ ቀረ። አሉሚኒየሙን ግን የድስት ክዳን ነው ብሎ አልፎት ሄደ።

ዴልፊያ ከቤት ሳይወጡ መኪናው ሥር ገብታ በስፌት ሜትሯ ለክታ ነበር። በግራ በኩል በካምቢዮውና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ብቻ ነው። ብረቱን እናስገባ ካልን ወለሉን በመዶሻ መደብደብ ሊኖርብን ነው አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ጨርቁ አጠገብ ተንበረከከችና ስፌቱን ማገላበጥ ያዘች። ድርብርብ ነው፤ ጠፍሮቹ ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በጀርባው ዙሪያውን ተሰፍተዋል፤ ክሩ ድርብ ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ እየተመላለሰ ተቆልፏል። ይህን ሁሉ ለሆባርት እያሳየች ስታስረዳው በአንድ ወር የማትናገረውን ተናገረች።

"ጨርቅ ብረት ያቆማል?" አላት ሆባርት።

"ጥይት ያቆማል ይላል ሰውዬው።"

"ሰውዬው ሻጭ ነው።"

"እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች ዴልፊያ።

ሻጩ ሳቀ። ጌታው፣ ይህችን ሴት እዚህ ጥለህልኝ ሂድ፣ ዕቃዬን ሁሉ ትሸጥልኛለች አለው። ዴልፊያ አንገቷን ደፋች፤ ሆባርት ግን ጨርቁን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው።

የአጨዳው ሥራ በዛ፤ ሆባርት ሌሊትና ቀን የሰው ማጨጃ ሥር ተኝቶ ሰነበተ። ጋሻው እስከ ሐምሌ መጨረሻ በረንዳው ላይ ቆየ። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ ሲነኩት እጅ ያጠቁራል። ዴልፊያ ባየችው ቁጥር ማጠብ ያምራታል። ደግሞም አሰበች፦ ዘይት የጠገበ ጨርቅ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ሲቀመጥ መቃጠሉ አይቀርም። አሳቧ ልክ ነበር። የተሳሳተችው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ትልቁን ሳፋ አወጣች፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቀቀለችው ማለት ይቻላል፤ ጥቁሩ ውሃ ቢደፋ ቢደፋ ሲመጣባት ጊዜ በረኪናውን ገለበጠችበትና አሳደረችው። በማግስቱ ማስጫው ላይ ሰቀለችው። ጥቁር የነበረው ጋሻ ገርጥቶ፣ ቀጥሎም ነጥቶ፣ ከአንሶላዎቿ መካከል በነፋስ ይወዛወዛል። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች መኪናቸውን ቀዝቀዝ እያደረጉ አዩት።

ሆባርት ማታ ሲመጣ ከማስጫው ሥር ቆመ። "ይኼ የት ነው የሚነጠፈው፣ አልጋው ላይ ነው?"

"ሽተተው እስቲ።"

ሸተተው። ደስ አለው፤ እንዲህ የሚሸት ዕቃ ጋራዡ ገብቶ አያውቅም። እሱም ስለ በረኪና የሚያውቀው ዴልፊያ እንደምትወደው ብቻ ነበር።

ለሴቶቹ ቅዳሜ ስምንት ቀን ሲቀር ሰማያዊዋን በክሪክ አነሧት፤ ድጋፍ አስገቡባት፤ ሁለቱም ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ተንሸራተው ሥሯ ገቡ። እሱ በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ ካምቢዮው በመካከላቸው። ጨርቁን ከላይ አሳልፈው አለበሱት። አንዱን ጠፍር ከአንዱ እያገናኙ አጠበቁ። ልክ ሕፃን እንደ መጠቅለል ነበር። ዴልፊያ የመጨረሻውን ጠፍር ሳብ ስታደርግ አንድ ድምፅ ሰማች። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት፤ ጧ የምትል። ሌላ ሰው አይሰማትም፤ ዴልፊያ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማት ኖራለች። ክር ነው የተበጠሰው። በጥፍሯ አጠገቡ ያለውን ስፌት ጫር አደረገችው። እንደ ባቄላ ልጣጭ ተከፈተ።

የተከፈተውን በአውራ ጣቷ መልሳ ገጠመችው። ከሆባርት በኩል ሁሉ ነገር ያማረ ነው፤ እሱ ብሎን ፍለጋ እያፏጨ ነው። ደንቡ ስለማያስገድድ ማንም መርማሪ አያየውም። ስምንት ቀን ነው የቀረው። እጇ ያለ ፈቃዷ የተነሣበትን ቀን አስታወሰች። ከዚያ ደግሞ ወንበሩን ወደ ፊት የገፋውን፣ ያንን እንጨት ያለሰለሰውን ሰው አሰበችው።

"ሆባርት።"

"እ።"

"በረኪናው ክሩን በልቶታል።"

ፉጨቱ ቆመ። እጁን በካምቢዮው ላይ አሻግሮ ላከና ስፌቱን ዳሰሰው። ቀጥሎ ከማዶ አንድ እንግዳ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ያነቀው መስሏት ደነገጠች። ሆባርት ነው፤ እየሳቀ ነው። ሠርጉ ቀን እንኳ በጥርሱ ብቻ የሳቀው ሰውዬ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው። "አነጣሽው" ይላል፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ "ጋሻውን አነጣሽው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ።" ሊነሣ ሲል ግንባሩን ከጭስ ማውጫው ጋር አጋጨው፤ ያም አላቆመውም።

ዴልፊያ አልሳቀችም። ሆባርትም ከመኪናው ሥር ወጥቶ ዐይኑን ሲጠርግ ለምን እንዳልሳቀች ገባው። አዲስ ጋሻ ቢታዘዝ ከሴቶቹ ቅዳሜ በኋላ ነው የሚደርሰው። እሱ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም፤ እጠፍልኝ ብላም አትጠይቀውም። "እንግዲህ ለከርሞ ይሁና" አላት ቀስ ብሎ። እሺ ብላ ጨርቁን ፈትታ አወረደችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዶይል ቤት ምሳ ተጠርተው ነበር። የዶይል ሚስት ኢላ ሜይ ዶሮ ጠብሳለች፤ የቲማቲሙም ጊዜ ነው። ሆባርት የበረኪናውን ነገር አወራላቸው፤ ዶይል ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ዴልፊያ ፊቷ ሲቀላ ጊዜ አየር ልውሰድ ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ደረጃው ሥር የኢላ ሜይ አበቦች አሉ፤ ሐምራዊና ነጭ፣ ሞልተው የፈሰሱ። ዴልፊያ አበባ ስታይ ሥሩን ነው የምታየው። አበቦቹ የተተከሉበት ዕቃ እንደ ገንዳ ጎበጥ ያለ፣ ወፍራም ብረት ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ በእኩል ርቀት ቀዳዳዎች ተደርድረዋል።

ተመልሳ ገባችና፣ "ኢላ ሜይ፣ የአበባ መትከያሽ የብሎን ቀዳዳ ያለው ለምንድን ነው?" አለቻት።

ዶይል የጎረሰው አነቀው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ዶይል ጣቶቹን ካጣ በኋላ ነበር ሮጦ ያንን የብረት ጋሻ የገዛው። ሳይገጥመው መኪናዋን ሸጣት፤ ኢላ ሜይ ደግሞ አፈር ሞላችበት። ካምቢዮው ከሰማያዊዋ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሆባርት ናፕኪኑን አስቀምጦ ተነሣ፤ ዶይልም ተነሣ፤ ሁለቱም ወደ ደረጃው ሲያመሩ ኢላ ሜይ ማንኪያ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሞተር ቅባታችሁን ከፎጣዬ ሳስለቅቅ ኖሬ ከዚህ እሽቅድምድም ያገኘሁት አንድ የሚረባ ነገር ይኼ ነው" አለች። "እሱንም ልትወስዱብኝ ነው?"

ዴልፊያ ነች የመለሰችላት፣ ዐይኗን ወለሉ ላይ ተክላ። "ትልቁን ሰማያዊ የማርማላታ ድስቴን እሰጥሻለሁ። መንዳት እፈልጋለሁ፣ ኢላ ሜይ።"

ኢላ ሜይ ለትንሽ ጊዜ አየቻት። ዴልፊያ ይህን ፈለግሁ ስትል ሰምታት አታውቅም። ማንኪያውን ለዶይል ሰጠችውና አበቦቹን ሥራቸውን ሳትነካ በእጇ ማውጣት ጀመረች።

ሥራው እስከ ኀሙስ ወሰደ። አፈሩን አራገፉ፤ ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፈቀፈቁ፤ ዝገቱ የላይ የላዩን እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ነበር። ዶይል ጋሻውን በገመድ አንጠልጥሎ ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ አዳመጠው፤ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይዘጋል፣ ይኼኛው ግን እንደ ደወል ይጮኻል አለ። ከዚያ ወለሉ ነበር። ዴልፊያ ምንጣፉን አነሣችና በስፌት ጠመኔዋ መደብደብ ያለበትን ቦታ አሰመረችበት። ሆባርት ከሥር እንጨት እየደገፈ በትልቁ መዶሻ ቀጠቀጠ፤ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከላይ ሜትሯን ይዛ ትንሽ፣ ገና፣ በቃ ትለዋለች። ሰማያዊዋ ጋራዡን አናወጠችው። ዶይል በሩ ላይ ቆሞ፣ "ወንድሜ፣ ገበሬው ሁሉ ትራክተሩን ጠግነህ ልትጨርስለት መስሎት ይመጣብሃል" ይላል።

ሞተሩን ከሥር በክሪክ ደገፉት። ካምቢዮውን የሚሸከመውን አግዳሚ ብረት ፈቱት፤ የካምቢዮው ጭራ ቀስ ብሎ ወረደ። ጋሻውን ከኋላ አንሸራተው አለበሱት፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ ሲገጥም ብሎኖቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ላይኛው ላይ ግን አንድ ብሎን ነበረ የማንም እጅ የማይደርስበት። ሆባርት ሞከረ፣ ዶይል ሞከረ፣ ሁለቱም ክርናቸውን ላጡ። ዴልፊያ ኮሌታ ስትገለብጥ የኖረ ትንሽ እጇን አስገባችና ሳታየው፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ዳዶውን አዞረችው። የዘይቱ ቱቦ የጋሻውን ጠርዝ ሲነካ አይታ ደግሞ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ቆርጣ በቁመቱ ሰንጥቃ አለበሰችው፤ እየታሸ ከሄደ አንድ ቀን መበሳቱ አይቀርም አለች። ሆባርት የኋላውን ጎማ በእጁ አዞረው። ምንም ምንም አይነካም። ካርቶኑ ላይ ተኝቶ ጋሻውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አወጣላት።

ቅዳሜ ቀኑ ብሩህ ነበር። ኢላ ሜይ የዴልፊያን ፀጉር ዓርብ ማታ ጠቅልላው ስለነበረ ሄልሜቱ ሲደረግባት፣ "ድካሜን ሁሉ እንደ ዶሮ ጎጆ ልታደርጊው ነው" እያለች አጉረመረመች። ሆባርት በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ቁጥሯን ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው አልነበረውም። አጥሩ ላይ ቆመ፤ አላስቆመውም። ኢላ ሜይ ስትጠራው አግዳሚው ላይ ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ዴልፊያ ከውስጥ ያገኘችውን ነገር አልጠበቀችውም። ጩኸቱ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ሄልሜቱ ውስጥ ማንም አያያትም፤ ማንም አያናግራትም። ከጎኗ የቆመችው የአባቷን ፒካፕ የምትነዳ ልጅ ናት። መብራቱ ወረደ፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ዴልፊያም እንጨቱን ረገጠችው። ሰማያዊዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተወረወረች። የትንባሆው እርሻ አንድ አረንጓዴ ጥብጣብ ሆኖ አለፈ። ዴልፊያ ጮኸች፤ ፍርሃት አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አውጥታው የማታውቀው ድምፅ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ከጎኗ ማንም የለም፤ ፒካፑ ከኋላ እየመጣ ነው።

በሁለተኛው ዙር አረንጓዴው ሳይበራ ሄደች። ቀይ መብራት ሲበራባት አየች፤ መሸነፏን አወቀች፤ ግን አላቆመችም፤ እስከ ጫፍ ነዳችው። ለምን ትተወዋለች?

ስትመለስ ሆባርት ገና ሳትወርድ ከመኪናው ሥር ገባ። ብሎኖቹን ሁሉ ዳሰሳቸው፤ አንድም አልላላም። ሲወጣ ኮፍያው በእጁ ተጨብጦ ተጨብጦ ቅርፁን አጥቷል። ፊቱ ገርጥቷል። አጠገቧ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ፤ እሷም ሄልሜቷን አውልቃ፣ ፀጉሯ ራሷ ላይ ተጣብቆ፣ ወደ ጉንጯ የወረደውን ላብ ሳትጠርግ አየችው።

"እዚያ አግዳሚ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አላት።

"እንዴት?"

"መተንፈስ የሚያቅት።"

ዴልፊያ አሰበችበት። "ሁልጊዜ" አለችው። "ለውዝ ይረዳል። የተፈለፈለውን እንዳትገዛ፤ በልጣጩ ያለው ነው ጥሩ፣ እጅ ያስይዛል።"

ሆባርት ራሱን ነቀነቀ። ይህን ሁሉ ዓመት ከመኪናው ሲወርድ ከአግዳሚዋ ሥር የሚያየው የለውዝ ልጣጭ ክምር ትዝ አለውና እጇን ያዘ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ባለፈው ሩጫ ቀድማ መነሣቷን፣ ከላይ የሚበሩትን ሳይሆን ከታች ያለውን አረንጓዴ ማየት እንዳለባት ነገራት። ለሚመጣው ቅዳሜ ይጠቅምሻል አላት፣ እንደ ተራ ነገር።

"የሚመጣው ቅዳሜ እኮ የሴቶች አይደለም" አለች ዴልፊያ።

"አውቃለሁ" አለ ሆባርት፣ ተነሥቶ ኮፍያውን እያቃና። "የለውዙ ሰውዬ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?"